የጉርጉሱሙ ጀልባ ቀዛፊ በሁርጋዳ

ጋሽ ሃብተ በዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ከጀመሩ አስራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ «ወደ ሳን ዲዬጎ ነኝ» ወይም «ወደ ማያሚ ነኝ» ካለ እርምጃቸው ይዘገያል። «እዚያማ ባሕር አለ!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መሳፈሪያው በር ድረስ የሚወራው ምፅዋ ብቻ ነው።

ምፅዋ ተወልደው ያደጉባት ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም፤ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ነው የሚተኛው። ገና ሲቃረብ ግን አየሩ ይለዝብና ከተማዋ ትሞሸራለች። እንግዳው ከአስመራ በመኪና ይወርዳል፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል። ሃብተ በአስራ ስምንት ዓመታቸው የራሳቸው ሰማያዊ ጀልባ ነበረቻቸው። ጉርጉሱም ከሚባለው የባሕር ዳርቻ እንግዶችን እየጫኑ ማዶ ወዳለችው ትንሽ ደሴት ይቀዝፉ ነበር። አማርኛውን ትምህርት ቤት ተምረውታልና ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ወሬ አያጡም። «ሃብተ፣ ሻርክ አለ እንዴ?» ትላለች አንዷ ጫማዋን አንጠልጥላ። «አለ፤ ዛሬ ግን ጾም ላይ ነው» ይሏታል። ጀልባዋ በሳቅ ትናወጣለች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ግድም ጦርነቱ ደረሰ። እንግዳው ቀረ፤ ጀልባዋም በጥይት ተበሳስታ አሸዋው ላይ ቀረች። ሃብተ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፣ ከዚያም አሜሪካ፣ ኮሎራዶ። የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ብዙም ሳይርቁ፣ አዲስ አበባ ካደገችው ከባለቤታቸው ከውዳሴ ጋር አንድ ሴት ልጅ አሳደጉ። ሓርነት ትባላለች። አንድ ጊዜ ባሕር ናፍቋቸዋል ብላ ኦሮራ ሪዘርቮየር ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወሰደቻቸው። ዳር ቆመው ትንሽ አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄማ ኩሬ ነው» አሏት። ተመለሱ።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ሓርነት ስልኳን አምጥታ አሳየቻቸው። በረሃ፣ ሆቴል፣ ሰማያዊ ውሃ።

«ዳድ፣ ሁርጋዳ ይባላል። ግብፅ ነው። ቲኬት ቡክ አድርጌአለሁ።»

«ግብፅ ምን አለኝ?»

«ያው ቀይ ባሕር ነው እኮ! ሴም ዋተር!»

ጋሽ ሃብተ ስልኩን ተቀብለው ውሃውን አተኩረው አዩ። ምፅዋ ለመሄድ ወረቀቱም ሁኔታውም እምቢ ብሏቸው ኖሯል። ወደ ባሕራቸው በሌላ አገር በኩል መግቢያ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

ሁርጋዳ ሲደርሱ መጀመሪያ ቅር አላቸው። ሆቴል በሆቴል ላይ፣ ጀርመናዊና ሩሲያዊ ቱሪስት፣ ከየአቅጣጫው ሙዚቃ። ከጀርባ ግን ደረቁ ተራራ ቆሟል፤ በረሃው እስከ ውሃው ጫፍ ይወርዳል። ያ የምፅዋን ዳርቻ አስታወሳቸው።

በማግስቱ በሞተር ጀልባ ወደ አንድ ደሴት ሄዱ። ጀልባዋ እንደቆመች ጋሽ ሃብተ ሸሚዛቸውን አወለቁና፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ በጭንቅላታቸው ተወረወሩ። ሓርነት ጮኸች። ጀልባ ነጂው ሊዘል ሲያኮበኩብ ራቅ ብለው ብቅ አሉ።

«ዓሦቹ!» አሉ እያለከለኩ። «አንዱም አልተለወጠም፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! ነይ ውረጂ!»

«ዳድ፣ ጥልቅ ነው! ፑል አይደለም እኮ!»

«እኔ አለሁ።»

ወረደች። ጀርባዋን በመዳፋቸው ደግፈው እንድትንሳፈፍ አደረጓት። «አንገትሽን ለቀቅ። ሰማዩን እዪ።» መዳፋቸውን ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉ አላወቀችም። ስታውቅ ሳቀች፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ምፅዋ አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ምፅዋ ላሉት ታላቅ እህታቸው ለእንቁ ደወሉ። የት እንዳሉ ሲነግሯቸው እንቁ ወዲያው ጠየቁ።

«ታዲያ ውሃው እንዴት ነው?»

«ትንሽ ይቀዘቅዛል።»

«የእኛው ይሞቃል» አሉ እንቁ። «ዛሬ ጠዋት እግሬን ነክሬበት ነበር።»

ጋሽ ሃብተ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ አሸዋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እስቲ ንገሪኝ» አሏቸው። «ዛሬ ማዕበል ነበረው?»