የጎርማል ቅርጫት

ጎርማልን መጠርጠር የጀመርኩት ደግነቷ ስላላማረኝ ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ማስተዋል ይመስለኝ ነበር። እኛ የሉዊስ ደሴት ሰዎች ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ እንበላለን። እኔ ደግሞ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ከማንኪያው በፊት የማነሳ ሰው ነበርኩ። አላገባሁም፤ ያየኋት ሴት ሁሉ አንድ ነገር የደበቀች ይመስለኝ ነበር። ከእናቴ ከራኔጅ ጋር እኖራለሁ፤ በአርባ ዓመቴም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ተመርጫለሁ።

ጎርማል ባሏን ባሕር የወሰደባት፣ ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በልጅነቴ አዝላኝ ስለምታውቅ እትዬ እላታለሁ። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፤ እዚያ ቤት የሰማችውንም እዚያው ትታው ትወጣለች። ጎረቤታችን ዶላግ ሰው ማማት ስትጀምር ጎርማል ሹራቧን ከመሥራት ሳታቋርጥ፣ «ቆይ እስኪ፣ እሷ ስትመጣ እንጠይቃታለን» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ሐሜቱ መሄጃ ያጣል።

ሰንበትን እንደማንኛችንም ታከብራለች። ቅዳሜ ውሃዋን ቀድታ፣ ድንቿን ልጣ ነው የምታድረው። አንድ እሁድ ግን መንገድ የጠፋው የባዕድ አገር መርከበኛ በሯን ቢያንኳኳ ሻይ አፍልታ፣ ዓሣ ጠብሳ አበላችው። ጉዳዩን በሽማግሌዎች ጉባኤ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ተጠርታ ስትጠየቅ፣ «እሱ ሰንበት መሆኑን አያውቅም፤ መራቡን ግን እኔ አውቄያለሁ» አለች። አንጋፋው ሽማግሌ ጋሽ ኢቨር ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ፈጥና የምትመልስ ሴት መልሷን አስቀድማ ያዘጋጀች መሆን አለባት አልኩ በልቤ።

ማገዶአችን ከረግረጉ ቆርጠን በነፋስ የምናደርቀው የአፈር ጓል ነው። በበጋ ቆርጠን ከቤታችን አጠገብ እንከምረዋለን፤ ለብርዱ ወራት ያለን ተስፋ ያ ክምር ነው። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ እናዳፍናለን። እሳቱ የጠፋበት ቤት በእኛ ዘንድ መሳቂያ ነው። እናቴ ደግሞ ልጅ ሳለች አንድ ክፉ ዓመት እሳታቸው ጠፍቶ ታናሽ እህቷ በብርድ የሞተችባት ናት። በሰማንያ ዓመቷም እሳቱን ሳትነካ አታልፍም።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ከክምሬ በባሕሩ በኩል ያለው ጫፍ ተነካክቶ አየሁት። አባቴ እንዳስተማረኝ የውጪውን ጓል አጋድሜ ነው የምደረድረው፤ የሌላ እጅ ከነካው ይታወቀኛል። በጓሎቹ መሃል የነጭ በግ ጸጉር ሰክቼ አደርኩ። ጠዋት ጸጉሩ መሬት ወድቋል። ከዚያ ወዲያ ከላሞቹ በረት ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ጎርማል ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ግራ ቀኝ አየች። ከክምሬ ጓል እያነሳች ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረች። ዝም ብላ አልነበረም የምታነሳው፤ አንዱን ታያለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ሌባዋ ደግሞ ታማርጣለች፣ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስንጥሩን አገኘሁት።

በዚያው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ላሟን አልባ ስትመለስ ደጃፏ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ ጎርማል፣ ከእኔ ክምር ማገዶ አንስተሻል?»

«አንስቻለሁ።»

ትክዳለች ብዬ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። «ለምን?» አልኳት።

«እሱን አልነግርህም።»

«ለሽማግሌዎቹስ?»

«ለእነሱም አልነግራቸውም፣ ቶርሞድ።»

«እንግዲያው የመስከረሙ ምልክት በእኔ እጅ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ሽማግሌው አንተ ነህ፤ ልብህ ያለህን አድርግ» አለችና ወተቱን አስቀመጠች። «እናትህ እንዴት አደሩ? እግራቸው አላበጠም?»

ወሬ ለማስቀየር የጠየቀችኝ መሰለኝ። «ከእናቴ ራቂ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ደጃችን እንዳትደርሺ።» ያኔ ብቻ ነው ፊቷ የጠቆረው። እሱንም እንደ በደለኛነት ቆጠርኩት።

ምልክት የምለው ይህ ነው። የጌታ እራት በመንደራችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት ነው። ቅዳሜ ከስብከቱ በኋላ ምእመናን አንድ በአንድ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ተራ የደረሰው ሽማግሌ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የእርሳስ ብረት በእጃቸው ያኖራል። እሁድ ወደ ማዕዱ የሚቀርበው ያቺን የያዘ ብቻ ነው። ነውር የተገኘበት ሰው ሲመጣ ሽማግሌው እጁን ይዘጋል። ጎርማል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ከዚያ ማዕድ ቀርታ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ሳምንት እንኳ ቀርባለች።

በጉባኤው ላይ ጋሽ ኢቨር አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«አንስቻለሁ አለች?»

«በአፏ።»

«ሌባ እንዲህ ሲያምን አይተህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ሌላ የሚናገር አልነበረም። ተፈረደ።

ያን ቅዳሜ ከረጢቱን ይዤ ቆምኩ። እጄን የምዘጋበትን ሁኔታ በልቤ ደጋግሜ ተለማምጄው ነበር። ሰዉ ሁሉ እየወጣ ተቀበለ፤ እናቴም ተቀበለች። ጎርማል ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ሰው ፊት እጄን ከመዝጋት አዳነችኝ። እኔ ግን ፈርታ ነው አልኩ። እሁድ ከኋለኛው ወንበር ሆና ዳቦውና ጽዋው ሲያልፍ በዓይኗ ተከተለችው፤ እንባዋን በመሐረቧ ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ራቃት። ዶላግ በየቤቱ እየዞረች፣ «እኔስ ድሮም ያ ሁሉ ፈገግታ ለምን ይሆን እል ነበር። የእኔም ክምር እኮ ጎድሏል» ትል ነበር። በግ መሸለት ላይ ከጎኗ የሚቆም ጠፋ። እሷ ግን መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እንደ ድሮዋ በስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች። እኔንም። «ቶርሞድ፣ ደህና አደርክ?» ስትለኝ አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ለምን እንደማትቆጣ አልገባኝም፤ ያልገባኝ ነገር ሁሉ ደግሞ ተንኮል ይመስለኛል።

እናቴ በዚያ የብርድ ወራት መርሳት ጠናባት። «ጎርማል የት ሄደች?» ትለኛለች በቀን አሥሬ። አንዳንድ ቀን ስትነሳ የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቦ፣ ጥፍሯ ውስጥ ጥቁር አፈር ገብቶ አያለሁ። እሳቱን ስትቆሰቁስ ነው እላለሁ። የጎረቤቴን ጓል የሚቆጥር ዓይኔ የእናቴን እጅ አላየም።

የካቲት ላይ ማገዶ እየቀነስኩ ወደ ክምሩ ሆድ ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ነገር አቆመኝ። ከረግረጉ ከእኛ ድርሻ የሚወጣው ጓል ቡናማና ቀላል ነው፤ የሣር ሥር ይታይበታል። ክምሬ ውስጥ የተሰገሰገው ግን ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲሰብሩት የሚያብለጨልጭ ነው። ይህ ከሐይቁ ዳር፣ ከዶላግ ድርሻ የሚወጣ ነው፤ በደሴቲቱ ላይ ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ከሱ ቀጥሎ የበሰበሰ እንጨት ያለበት የጎርማል ጓል አለ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይገባው ነበር። እኔ ግን፣ ጎርማል ልታዋርደኝ የሰው ማገዶ ሰርቃ ክምሬ ውስጥ ደበቀችብኝ አልኩ። ብቀላ! ይኸው ፈገግታዋ! በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በረቱ ውስጥ ቆምኩ።

የመጣችው እናቴ ናት። በእግር ሹራቧ ብቻ፣ ሽርጧን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ከዶላግ አጥር በኩል በበረዶው ላይ እየተንገዳገደች መጣች። ሽርጧ ጥቁር ጓል ሞልቶታል። ክምራችን ውስጥ አንድ በአንድ መሰግሰግ ጀመረች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ዞር አለች። አላወቀችኝም። በሞተው አባቴ ስም ጠራችኝ። «ዝም በል፣ ካሉም። ቶርሞድ እንዳይሰማ። እሳቱ ሊጠፋ ነው።»

«የሰው ማገዶ ነው እኮ።»

«ጎርማል ትመልሰዋለች። ለቶርሞድ እንዳትነግሪብኝ ብያታለሁ፣ ቃሏን ሰጥታኛለች። ልጃችን ሽማግሌ ሆኗል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይቅር ማለትን ግን አልፈጠረበትም። ቢሰማ ያባርረኛል።»

ጫማዬን አውልቄ አጫማኋት። ሌላ የማደርገው ነገር አልመጣልኝም።

ፀሐይ ስትወጣ ጎርማል ቤት ነበርኩ። በሯን ስትከፍት ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «አየሁ» አልኳት። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከሰኔ ጀምሮ። አንድ ጠዋት የዶላግን ሲወስዱ አገኘኋቸው። ለደቂቃ አእምሯቸው ተመለሰና ያደረጉትን አወቁት። እንዲያ ሲያፍር ሰው አይቼ አላውቅም፣ ቶርሞድ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲያመጡ እኔ የየሰዉን እየለየሁ እመልሳለሁ። ደጃችሁ እንዳልደርስ ስታደርገኝ ነው የተጠራቀመው።»

«ስታማርጪ አይቼሻለሁ።»

«የዶላግን ከአንተ እየለየሁ ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ። «እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ።»

«የእናትህንም?»

«ካልተናገርኩ እንዴት ያምኑኛል?»

«ላያምኑህ ይችላሉ። እኔ አንተን ይቅር ያልኩህ ገና በመስከረም ነው። የእሳቸውን ነገር እንድታወጣ ግን አልፈቅድም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ይህን ሁሉ ወር እንዴት ተሸከምሽው?»

«እንደ ማገዶው ነው። በቅርጫት፣ ጥቂት ጥቂት።»

በመጋቢት ጉባኤ ላይ ቆሜ፣ «ጎርማል ንጹሕ ናት። የበደልኳት እኔ ነኝ። ምልክቷ ይመለስላት» አልኩ።

ጋሽ ኢቨር መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዴት አወቅክ?»

«እሱን አልነግራችሁም።»

«ይህን መልስ ከዚህ በፊት የሰማሁት ይመስለኛል» አሉ። ከሳሹ ክሱን ስላነሳ የጎርማል ስም ጸዳ። ምልክት የማደሉ ሥራ ግን ከእኔ ተወስዶ ለእሳቸው ተሰጠ።

በእናቴ ላይ በሩን ብቆልፍባት እሳት እንደተለኮሰባት ጮኸች። ጎርማል፣ «ተዋቸው ይሸከሙ፤ ከኋላ ከኋላ እንመልሳለን» አለችኝ። ተራ ገባን። የእራቱ ሳምንት ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር። የጎርማልን ቅርጫት አዝዬ፣ ጎሕ ሲቀድ የዶላግን ጓል ወደ ዶላግ ክምር እየመለስኩ ሳለ መጋረጃዋ ተገለጠ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ደህና አደርሽ፣ ዶላግ?» አልኩ። መጋረጃው ተመለሰ።

አርብ ቀትር ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ሰማ። «እኔስ ብዬ ነበር፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሰርቁት፤ ለዚህ ነው ክሱን ያነሳላት» አለች አሉኝ። ጋሽ ኢቨር ሳይመሽ መጡ።

«ዶላግ ክምር ጋ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ታደርግ ነበር?»

ከጓዳ እናቴ እሳቱን ስትቆሰቁስ ይሰማል።

«ልጄ፣ የጎርማልን ስም የሚነካ ካለ የማየው እኔ ነኝ፤ እሱን ተወው። አንተ ግን በዓይን ታይተሃል። ነገ እጄን ልታስዘጋኝ ነው እኮ።»

«አላስዘጋዎትም፣ ጋሼ። ከወንበሬ አልነሳም።»

እኔን አዩ፤ ከዚያ ወደ ጓዳው በር አዩ። የገባቸው ይሁን ያልገባቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቅዳሜ ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ጎርማል ስትወጣ ዶላግ ጎረቤቷን በክርኗ ነካች። ጋሽ ኢቨር ምልክቱን በጎርማል መዳፍ ላይ አኑረው ጣቶቿን በእጃቸው ከደኑት። ስትመለስ በእኔ በኩል አለፈች፤ ሁሉ እያየ ቆመችና እጄን ጨብጣ ሰላም አለችኝ። ከኋላችን ሹክሹክታ ተነሳ።

ከዚያ እናቴ በምርኩዟ ወጥታ ተቀብላ ተመለሰች፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ቀን አእምሮዋ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲሞላ እኔ አለመነሳቴን አየች። ፊቷ ተለወጠ። በእጇ ያለውን ምልክት፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ቶርሞድ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምንም አይደል፣ እማዬ» አልኳት። «ምልክትሽ እንዳይወድቅ አጥብቀሽ ያዢው።»