እርጥቡ ጆንያ

መተማ ዮሐንስ ሥራ የጀመርኩ ቀን የታዘዝኩት የመጀመሪያ ነገር ጆንያ ማርጠብ ነበር። ቀጣሪዬ ኡስታ ዘገየ ይባላሉ። ኡስታ የምንለው በሱዳኖቹ አጠራር የእጅ ሥራ አዋቂውን ነው። ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ባለው ግራር ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ነበር። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ አርከፍክፍበት፣ የምንጠጣው ይቀዘቅዛል አሉኝ። ቆላ ውስጥ ፍሪጅ የሌለው ሁሉ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው እንዲህ ነው፤ ሹፌሩም፣ ሰሊጥ አራሚውም፣ ጉምሩክ በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ነጋዴም። እኔ ግን መፍቻ ልይዝ ከጎንደር የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ጆንያ አርጥብ ስባል ከፋኝ።

ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ዲናሞ ፈተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ምን ይሸታል? ሲሉኝ የተቃጠለ ነገር አልኩ። ምኑ የተቃጠለ? አሉ። ጥቅል ሽቦ ሲቃጠል የራሱ ሽታ አለው፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ሌላ ነው፤ አሲድ ያፈሰሰ ባትሪም ሌላ። ቴስተር ከመያዜ በፊት እነዚህን በአፍንጫዬ እንድለይ አደረጉኝ። ዛሬ ቴስተሩ የማይነግረኝን አፍንጫዬ ይነግረኛል።

ከረዳትነት ወደ ኤሌክትሪሺያንነት ያደግኩት ቀስ ብዬ ነው። በደጉ ጊዜ ከድንበሩ ከጋላባት ድልድይ እስከ ጋራዣችን የጭነት መኪና ይሰለፍ ነበር። የሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ እንጠግናለን፣ ዲናሞ እንጠቀልላለን፣ የመብራት መስመር እንዘረጋለን። ሹፌር ሁሉ ይቸኩላል፣ ይቆጣል። ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣቸው የባትሪ ነገር ነበር። ጎንደር ላይ ዓመታት የሚያገለግል ባትሪ እዚህ ወርዶ ቶሎ ይሞታል፤ ሹፌሩም ሻጩን ይራገማል። ኡስታ ዘገየ ሻጩ ሳይሆን ሙቀቱ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ያስረዱ ነበር። ሲደክማቸው እኔን ይልኩኛል፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት አልወድም፣ ጠባዬም አይመችም። "ከሙቀት ጠብቀው" የምትለዋን አንድ ቃል ተናግሬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ኡስታ ዘገየ ካረፉ በኋላ ጋራዡ ተዘጋ። እኔም መሣሪያዎቼን ሰብስቤ በቤቴ ግቢ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ ወዲህም መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን የማይታወቅ ሆነ። የጭነት መኪኖቹ ቀሩ። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይሸጥ ጀመር፤ እሱም ከምን ጋር እንደተቀላቀለ የሚያውቀው የቀላቀለው ብቻ ነው። በዚያ ቤንዚን ሞተሩን ያቃጠለ ባጃጅ ስንት አየሁ። ከተማው ፀጥ አለ። ፀጥታ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የሞተር ድምፅ ሳልሰማ ስውል የታመምኩ ይመስለኛል።

ሙሉቀን የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የእሱንም የወንድሙንም ስም ቀይሬያለሁ። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም ወርዶ የቀረ፣ ኮኪት ላይ አሮጌ ባጃጅ ገዝቶ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ባጃጇን ከእኔ ግቢ ያደረሳት በአህያ ጋሪ አስጎትቶ ነው፤ ጠብታ ቤንዚን አልነበራትም። ታናሽ ወንድሙ ስንሻው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ ሰንበሌጥ አክሏል። የበረሃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ካላዛር የተባለው የቆላ በሽታ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም።

መርፌው በየቀኑ ሳይቋረጥ መወጋት አለበት፤ የሚሰጠው ሸሕዲ ሐኪም ቤት ነው። አልጋ ሞልቶ ስለነበር ከኮኪት እየተመላለሰ እንዲወጋ ተነግሮታል። ሚኒባስ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ሙሉቀን ይህን ሁሉ ነግሮኝ ባጃጇን አሳየኝ።

"ኡስታ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ያደርጉልሃል ብለው ሰዎች ነግረውኝ ነው የመጣሁ። እናቴ አደራ ብላ የሰጠችኝ ይህን ልጅ ነው።"

አላውቅበትም ልለው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሴ ሙከራ፣ ባለሁለት እግር ሞተር ሳይክል ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሬ አውቃለሁ። ስንሻው ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ "ካልሆነም ይሁን ኡስታ፣ አይጨነቁ" አለኝ። አንዳንድ በሽተኛ አስታማሚውን ያጽናናል፤ እሱ እንደዚያ ነበር። እሺ አልኩ።

ሞተሩን አወረድኩ። ታንከሩን፣ ካርቡራቶሩን፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ፈታሁ። አንድ የተሰበረ የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግር ከነሞተሩ ሸሕዲ ተጥሎ ነበር፤ ሞተሩንና ኮንትሮለሩን ከዚያ አመጣን። ኮንትሮለር ማለት ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል እየመጠነ ለሞተሩ የሚሰጥ ሳጥን ነው፤ ያለ እሱ ሞተሩ ወይ አይነሣም ወይ ይፈረጥጣል። ባትሪዎቹ አንድ ባለ እርሻ ለውሃ ፓምፕ ከሶላር ጋር ገዝቷቸው የነበሩ ናቸው። ሊቲየም ስለሆኑ ቀላልና ጠንካራ ናቸው።

ሞተሩን የሚሸከመውን ብረት መጀመሪያ በጭቃ ቀርጬ ልኩን አውጥቼ አስበየድኩት። ባትሪዎቹን በተከታታይ አገናኘሁ፤ በመሃላቸው ፊውዝና ማቋረጫ አስገባሁ። ከላሜራ ቆርቆሮ ሳጥን ሠርቼ ጎኑን በመሰርሰሪያ በሳሳሁት፣ አየር እንዲገባው። ሳጥኑ የገባው የድሮው ሞተር ቦታ፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ነው። ኮንትሮለሩን ከሳጥኑ ሥር አሰርኩት፤ ባጃጇ ስትሄድ ነፋስ የሚያገኘው እዚያ ነው። ባለቤቴ የኔነሽ፣ ግቢው ሁሉ ሽቦ ሆኖ ልብስ የምታሰጣበት ስታጣ፣ ይህ ነገር ይሄዳል ወይስ ቤታችንን ያቃጥላል? ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሄደች። የመጀመሪያው ቀን ከግቢ ወጥታ እስከ ጉምሩኩ በር ደርሳ ስትመለስ ድምፅ አልነበራትም፤ ጎማዋ ኮረት ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። ሰው እየዞረ አያት። ሙሉቀን መሪውን እንደያዘ አለቀሰ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ሳስረክበው በጎማ ቱቦ ውሃ እንዳያጥባት አስጠነቀቅኩት። ከባትሪዎቹ ጋር የመጣውን፣ ቻርጅ የሚያደርግበትን ሶላር አሳየሁት። ቀጥዬም የለመድኩትን ተናገርኩ፤ "ባትሪውን ከሙቀት ጠብቀው።" እሺ ኡስታ አለኝ። ስንሻው ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ባጃጇ ወንድማማቾቹን ሸሕዲ አመላለሰች። አልፎ አልፎ ወሬዋ ይደርሰኛል፤ የስንሻው ሆድ መጉደል ጀምሯል፣ ምግብ ይበላል ይሉኛል። ሌሎች ባለ ባጃጆችም የእኛንም ቀይርልን እያሉ ይመጡ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ጠዋት ስነሣ የምሠራው ነገር ነበረኝ።

ባጃጇ መንገድ ላይ የቆመችው አንድ ቀን በቀትር ነው፤ ከኮኪትም ከሸሕዲም ርቃ፣ ዛፍ በሌለበት የማሽላ እርሻ መሃል። ሙሉቀን ገፋት። አልሆን ሲለው ወንድሙን አዘለ። መንገዱ በዚያ ቀን መኪና አልነበረበትም። የአህያ ጋሪ ያገኙት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ሸሕዲ ሲደርሱ ስንሻው ራሱን አያውቅም ነበር፤ አልጋም ተገኘለት፤ ግን አልሰነበተም። የገደለው ያ ቀትር ይሁን በሽታው ማንም ሊነግረን አልቻለም። ሬሳውን ጎጃም ማድረስ ስላልተቻለ እዚያው ቆላ ተቀበረ። ከደጋ የሚወርድ አራሚ ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው፤ በረሃ መቅረትን።

ባጃጇን አንድ ትራክተር ጎትቶ አመጣልኝ። የኋላ መክፈቻዋን ሳነሣ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ኮንትሮለርና የረጠበ ጆንያ። የባትሪው ሳጥን ዙሪያውን በጆንያ ተጠቅልሏል። በሲባጎ፣ በጥንቃቄ፣ ጀሪካን እንደሚጠቀለለው ተደርጎ ታስሯል። የበሳሳሁት የአየር ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። የባትሪው ጫፎች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ ኬብሉን ተከትሎ ወርዶ ከሥር ያለውን ኮንትሮለር ሞልቶታል። ስከፍተው ጭቃ ወጣው።

ተናደድኩ። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ የኔነሽ ወጥታ ምን ሆንክ አለችኝ። ሙሉቀን ሲመጣ ልነግረው ወሰንኩ፤ ሠርቼ የሰጠሁትን ዕቃ በገዛ እጁ ገደለው፣ ይህን ማወቅ አለበት ብዬ። ጆንያውን አልጣልኩትም፤ ላሳየው ከግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

ሙሉቀን ከለቅሶው በኋላ መጣ። ራሱን ተላጭቷል። የተሰቀለውን ጆንያ አየና ቀረብ ብሎ በእጁ ዳሰሰው። ደርቆ ነበር።

"ይኸ የስንሻው ነው" አለኝ። "ከሙቀት ጠብቀው ያሉትን ሰምቶ እሱ ነው ያሰረው። መርፌ እስኪደርሰው ስንጠብቅ፣ ከሚጠጣት ውሃ እየቀነሰ ያረጥበው ነበር። ተው ስለው፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔስ ምን ልሥራ? ይለኛል።"

ሙሉቀን ወደ ባጃጇ ዞረ።

"ኡስታ፣ ምን ሆና ነው የቆመች?"

"ኮንትሮለሩ ነው" አልኩት። "አሮጌ ነበር። ከመጀመሪያውም ደካማ ዕቃ ነው ያመጣነው።"

"ከኛ የመጣ ነገር የለም?"

"የለም።"

እንደ ማመን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጆንያውን ልውሰደው ብሎ ጠየቀኝ፤ አውርጄ ሰጠሁት። አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው። ባጃጇን ለሌላ ሰው ሸጦ ወደ ጎጃም ወጣ። የወለቀው የቤንዚን ሞተር ግን በላስቲክ እንደተጠቀለለ እስካሁን ግቢዬ ጥግ አለ፤ የሚጠይቀው ሰው አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ባጃጅ ቀይሬያለሁ። ይህን ሙያ የምትጀምሩ ልጆች ስታስረክቡ "ከሙቀት ጠብቀው" ብላችሁ አትመለሱ። በምን እንደሚጠብቀው ጠይቁት። ነጂውን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚቀመጠውንም ጥሩትና ሳጥኑን ከፍታችሁ አሳዩት። ኮንትሮለሩንም ከሳጥኑ በላይ እሰሩት፤ ከሥሩ አይደለም።