የቀመሪያ አርባ ኪሎ

ቀመሪያ ቀፊራ ገበያ ላይ ከሰል ስትሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሚዛኗን የተጠራጠረ ሰው ከፊቷ ብዙ አይቆምም፤ ምላሷ ከፍም በላይ ይፈጃል። በ1977 ዓ.ም. አንገቷ ላይ የወጣው እጢ ካንሰር ነው ሲሏት አላለቀሰችም። የነገራትን ዶክተር ማዘንጊያን ከላይ እስከ ታች አየችና ዕድሜውን ጠየቀችው።

ማዘንጊያ ሌኒንግራድ ተምሮ የመጣ ነው፤ አስተማሪዎቹ ገና የሚሞክሩትን ክኒን ይዟል። እጢው መሀል ደም በደንብ ስለማይደርስ አየር ያጥራል፤ እዚያ ያለው ሕዋስ ግን ስኳር ያለ አየር እያነደደ ይኖራል፤ ክኒኑ ያንን መንገድ ይዘጋበታል፣ ባያድንም ያዘገያል አላት።

«ከሰል አክስለህ ታውቃለህ?» አለችው።

ቢዮ አዋሌ ተወልዳ፣ እንጨት ከምሮ አፈር ማልበስን ከእናቷ የተማረች ናት። የታፈነ እሳት ቀስ ብሎ ሁሉን እንደሚበላ ነጋሪ አያስፈልጋትም። ክኒኑን ተቀበለች።

ደንቡ አንድ ነው፤ ከአርባ ኪሎ በታች ከወረደች ክኒኑ ይቆማል። ስምንት ሳምንት ሙሉ እጢው አራት ሳንቲሜትር ላይ ቆመ። የቀነሰችው እሷ ናት።

አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ዓብዲ፣ ዶክተሩ ስለ ስኳር ሲያወራ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀበሌ የሚሰጣቸውን ስኳር ሣጥን ውስጥ ቆለፈ። ቴምርና ዳቦም ከለከላት፤ እጢሽን ነው የምትቀልቢው ይላታል። እሷም ፈርታ እሺ አለች። ከሰዓት ጓደኞቹ ለጫት ሲሰበሰቡ ግን የእነሱ ሻይ ከንፈር ያጣብቅ ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት ጆንያ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣች። ሠላሳ ስምንት። ሦስት የኪሎ ብረቶች በቀሚሷ ሥር በመቀነት አስራ ሐኪም ቤት ሄደች። ሚዛኑ አርባ አንድ አለ፤ ስትወርድ ግን ብረቱ ተጋጭቶ ጮኸ።

«ይፍቱት» አለ ማዘንጊያ።

«አልፈታም። ክኒኔን ስጠኝ።»

«ለምን አይበሉም?»

«ስኳር ይበላል ያልከው አንተ አይደለህ?»

«እጢው የሚያነድበትን መንገድ ልዝጋ አልኩ እንጂ እርስዎ ይራቡ አላልኩም። ማነው እንዲህ ያለዎት?»

ወንድሟ መሆኑን ነገረችው። ክኒኑ ግን በዚያው ቀን ቆመ።

ቤት ስትደርስ እነ ዓብዲ ጫት ላይ ነበሩ። በኪሎ ብረቱ የሣጥኑን ቁልፍ እፊታቸው ሰበረች።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ ዓብዲ።

«አቦ፣ ለእኔ ካልክ አንተም ውሃ ትጠጣ ነበር» አለችውና ፍራሹን ጎትታ ደጅ ጣለችው። ጓደኞቹ ጫታቸውን ሰብስበው ተከተሉት።

አርባ ኪሎ ለመመለስ አምስት ሳምንት ፈጀባት። ክኒኑ ቀጠለ፤ እጢው ግን በዚህ መሀል አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ደርሶ መዋጥ ያስቸግራት ጀምሯል። ከዚያ በኋላ የኖረችው አሥራ አንድ ወር ነው።

ልትሞት ስትል ዓብዲ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላት። ሽማግሌዎቹም በእናታቸው ስም ለመኗት።

«አንድ ሳንቲሜትር ተኩሉን ይመልስልኝ» አለች። አውፍ ሳትለው ሞተች።