በውክልና የታመመው ሰውዬ

በቆላዋ ሸሕዲ በጥቅምት ትኩሳት መለካት ራሱን የቻለ ፌዝ ነው። ቴርሞሜትሬ ገና ብብት ሳይነካ፣ ከመሳቢያ ሲወጣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ እጄንና ዓይኔን አምናለሁ፤ እነሱም ቢሆኑ ሃምሳ ዓመት ስላገለገሉ የዋስትና ጊዜያቸው አልፏል።

የሰሊጥ አጨዳው በተጋጋለበት ሰሞን አንድ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ሊታከም ገባ። ደረቱ የመጋዘን በር ያህላል። ሲቀመጥ ያቃሰተው እሱ ሳይሆን ወንበሬ ነው።

«ምን ሆንህ?»

«ትኩሳት፣ ዶክተር። ወር ሊሞላኝ ነው። ያልበኛል፣ ይነስረኛል፣ ሰውነቴ አልቋል።»

«ምግብስ?»

«ኧረ እህል በአፌ አይዞር!» አለኝ፣ ከኪሱ የዘገነውን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ።

አስተኝቼ ሆዱን ዳበስሁት። የትራክተር ጎማ ነው፤ ጣፊያ ፍለጋ የገቡ ጣቶቼ ተጣጥፈው ተመለሱ። ደሙን ለወባ አስመረመርሁ፤ ንጹሕ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደምህ ከእኔ ደም ይሻላል። ከፈለግህ እንለዋወጥ።»

ደስ ይለዋል ስል ፊቱ ጠቆረ። «በደንብ አልታየ ይሆናል እንጂ! ብቻ መድኃኒቱን ይስጡኝና ልሂድ።»

አጨዳ ሲያስመርር ጥላ ፍለጋ የሚመጣ አይጠፋምና፣ ከእነዚያ አንዱ ነው ብዬ አንድ ሁለት ማስታገሻ ሰጠሁት። በሩ ላይ ሲደርስ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁ፦ «ታዲያ ግራ ጎኑ ላይ ድንጋይ የተቀመጠበትን ሰውዬ አሁን ምን እለዋለሁ?»

«የማን ጎን?» አልሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለም። ስድስት ናቸው፤ ከአንድ ቀበሌ አብረው ወርደው አንድ ሸራ ሥር የሚያድሩ። አንደኛው መነሣት አቅቶታል። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ ማንንም አይጠብቅም፤ ቀን ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ነው። ታማሚውን ለመሸከም አራት ሰው ከማሳው መውጣት አለበት፤ የእርሻው ካቦ የፈቀደው ግን ለአንድ ነው። ተማከሩና ጉልበት ያለውን ላኩት። የሚያመውን ሁሉ ታማሚው ራሱ ቃል በቃል አስጠንቶታል።

«እሺ፣ ደሙስ? ደም እንዴት ይወከላል?»

«አንድ አገር ተወለድነ፣ ከአንድ በርሜል እንጠጣለነ፣ አንድ ትንኝ ይበላናል። የሚለይ አልመሰለነም።»

ወር የዘለቀ ትኩሳት፣ ነስር፣ ግራ ጎን ላይ ድንጋይ። በእኛ ቆላ ይህን የሰማ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ካላዛርን ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስይዘውን፣ ካልታከመ የሚገድለውን። እኔ ደግሞ በማስታገሻ ልሸኘው ነበር። ከዚህ በፊት ስንት ተወካይ አክሜ እንደሰደድሁ እግዜር ይወቀው።

አምቡላንሷ ወላድ ልታመጣ በገለጉ መንገድ ሄዳለች። ለእርሻው ውሃ በሚያመላልስ ትራክተር ላይ ተንጠለጠልን። ያ መንገድ ቀኝ ኩላሊቴን ወደ ግራ አዛወረው። ተወካዩ በየጉድባው «ዶክተር፣ ይደርሱለታል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሾፌሩን «ንዳው!» እለዋለሁ።

ታማሚው ሸራው ሥር ተኝቷል። ከሰውነቱ የተረፈው ሆዱ ብቻ ነው። ባልደረባውን ሲያይ ቀና ለማለት ሞከረ። «ወንድሜ፣ ምን ተገኘብኝ?»

«ጤና ተገኘብህ፤» አልሁት እኔ፣ «ግን እሱ ጋ ነው የቀረ።»

እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍሁ። ጣፊያው እምብርቱን አልፏል። አራቱ ማጭዳቸውን ጥለው ከተወካዩ ጋር ትራክተሩ ላይ ሲያወጡት፣ ይጮህብናል ብዬ የጠበቅሁት ካቦ የራሱን ፍራሽ አምጥቶ አነጠፈለት።

ሸሕዲ ስንመለስ ፈጣን ምርመራው ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ። ወባውም ኤችአይቪውም ተመረመረ፤ ሁለቱም የሉበትም። መርፌ ጀመርንለት፤ በቀን ሁለት፣ ለአሥራ ሰባት ቀን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነስሩ አልቆም ብሎ ጋቢው ቀላ። አፍንጫውን ጨምቄ ይዤ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ጨመርሁ። አጠገባችን ወንድሙን የሚያስታምም አንድ ሙስሊም ነጋዴ በራሱ ጸሎት አገዘኝ። ከማናችን እንደተሰማ እንጃ፣ ቆመ።

ጣፊያው የደረሰበትን በእስኪርቢቶ ሆዱ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በአሥረኛው ጣፊያው ከምልክቱ ሁለት ጣት ሸሸ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍሉ ውስጥ ጠብ ሰምቼ ስሮጥ፣ ታማሚያችን ሊጠይቀው ከመጣው ተወካይ ሳህን ሥጋውን እየለቀመ ነው።

«ለእኔ ስትታመምልኝ ሰነበትህ፤» ይለዋል፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልብላልህ።»

በዚያ ጠብ መሐል ቆሜ የእፎይታ ትንፋሼን ስለቀው መጋረጃው ሳይንቀሳቀስ አልቀረም።

መርፌው ሲያልቅ ጣፊያው ወደ ጎድን አጥንቱ ተሰብስቧል። «ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለህ፤» አልሁት፣ «ራስህ!»

በገዛ እግሩ ሄዶ ሚኒባሱ ላይ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ዞር ስል ቀጣይዋ ታካሚ፣ አንዲት አሮጊት፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ደህና ነዎት፣ እናቴ፤ ይሂዱ» አልኋቸው፣ በዓይኔ ብቻ መዝኜ።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ ወንበሩን እየሳቡ፣ «የት እንዳመመኝ መች ነገርሁህ?»