እኅቴን በእፍኝ ጨው ልንገዛት ነበር

እናቴ እኅቴን መንገድ ላይ የጣለቻት ስለምትወዳት ነው። የአገሬ ሰው ይህን ሳልጨርስለት ይረዳኛል። የሌላ አገር ሰው ሲሆን ግን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ እናቴን አውሬ አድርጓት ይሄዳል።

በእኔና በእኅቴ መካከል የተወለዱት ሁሉ ጥርስ ሳያወጡ ሞቱ። እሷ ስትወለድ ሠፈሩ መከረ፤ በእኛ ሠፈር ምክር ጠፍቶ አያውቅም። "ሞት ደጃችሁን ለምዶታል። ይቺን ጣሏትና ሌላ ሰው ያንሣት፤ ከዚያ ግዟት። ሞትም የእነዚህ አይደለችም ብሎ ያልፋል" ተባለ። ሞት ማለት እንግዲህ ከቀበሌ ዘበኛ የባሰ ጅል ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ካሉት አድባራት በአንዱ ዜማ ያስተምራል። ነገሩ ባዕድ አምልኮ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። እናቴ ግን "ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሞቶባት አያውቅም" አለችው። አባቴን በክርክር ረትቶ ዝም ያሰኘ ሌላ ሰው አላየሁም።

ሕፃኗ ክርስትና በተነሣች ማግስት እናቴ የግራ ጆሮዋን ጫፍ በምላጭ ትንሽ ቆረጠችው፤ ይህም ለሞት ነው፤ ጎደሎ አይወድም ይባላል። የቀረው ዕቅድ ይህ ነበር፤ በእንቅብ አድርጋ ከዓባይ ድልድይ ወዲህ ባለው መስቀለኛ መንገድ ታስቀምጣትና ዞር ብላ ሳታይ ትመለሳለች። ዞር ካለች ሁሉም ከንቱ ነው። የአባቴ እኅት ከዘንዘልማ ስትመጣ "ወድቃ አገኘኋት" ብላ ታነሣታለች። ማታውን እናቴ እፍኝ ጨው ይዛ ሄዳ ትገዛታለች፤ አለቀ። ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ልናስቀምጣት እኔም ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ። እኔም ዞር አላልሁም፤ ራሴን በመዳፏ ጨብጣው በየት በኩል ልዙር!

የዘነጋነው አብዮቱን ነው። ያን ዕለት ሰልፍ ነበር። አክስቴ ድልድዩን ስትሻገር አብዮት ጥበቃዎች ያዟት።

"ወዴት ነሽ?"

"የወደቀች ልጅ ላነሣ።"

"ሰልፉ ሲያልቅ ታነሻለሽ!" ብለው ከሰልፈኛው ቀላቀሏት። ምስኪን አክስቴ ግራ እጇን ሽቅብ እየሰደደች ኢምፔሪያሊዝምን ስታወግዝ አረፈደች። ኋላ ኢምፔሪያሊዝም ማን እንደሆነ ስጠይቃት "እኔ እንጃለት፤ ይውደም ሲሉ ይውደም አልሁ እንጂ ምን በድሎኝ" አለችኝ። መስቀለኛው መንገድ ስትደርስ እንቅቡ ባዶውን ተቀምጧል።

እዚያው ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት አይታለች። "ኮት የለበሰ ሰውና ሚስቱ አነሷት። ሴትየዋ ታለቅስ ነበር። አነጋገራቸው የዚህ አገር አይደለም" አለች። በዚያን ጊዜ ከተማችን ፋብሪካ ውስጥ ሊሠሩ ከየክፍለ ሀገሩ በመጡ ደመወዝተኞች ተሞልታ ነበር። ወግ የማያውቁ! የተጣለ ልጅ ቢያዩ የእውነት የተጣለ መሰላቸው።

አባቴ ቀበሌ ሄደ። ሊቀ መንበሩ በልጅነቱ ከአባቴ እግር ሥር ፊደል የቆጠረ ነው፤ ግን አንቱታን አብዮቱ ሽሮት ነበር። "ጓድ መሪጌታ፣ ልጅህ ጠፋች ወይስ ጣላችኋት?" አለው። አባቴ ውሸት አያውቅበትም። "ጣልናት፤ ግን ልናነሣት ነበር" አለ። ከኋላ ቀር ባህል እስኪነቃ ድረስ አሰሩት። "ልጅቱ ከእንግዲህ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ናት" አሉን፤ ሰፊው ሕዝብ የት ሠፈር እንደሚኖር ግን የነገረን የለም። ደግማችሁ ብትመጡ እናትየዋ በልጅ መጣል ትታሰራለች ስላሉም ከዚያ ወዲያ የምንጠይቀው በሹክሹክታ ሆነ።

አባቴ ከእሥር ሲወጣ ጭንቁ ሌላ ነበር። በጸሎት ጊዜ ስሟን ከሕያዋን ጋር ይጥራው ወይስ ከሙታን ጋር? አንዱን እሑድ እንዲህ፣ አንዱን እሑድ እንዲያ እያለ ኖረ፤ ያ ሁሉ ትርጓሜ የተማረ ሰው! እናቴም ጨውን ከምሰሶው አላወረደችውም። "መኖሯን ብቻ ልወቅ" ትላለች፤ ሌላ ልጅም አልወለደች።

ፍለጋው በእኔ ወደቀ። መለያው ጆሮ ነውና ባሕር ዳር ውስጥ ያላየሁት የልጃገረድ ጆሮ የለም። ገበያ መሐል "ምን ታፈጫለሽ?" ተብያለሁ፤ አንዷማ ቡዳ ናት ብላ ልጇን በነጠላዋ ሸፍናብኛለች። በመጨረሻ ብልሃቱ መጣልኝ፤ ሹሩባ መሥራት ተማርሁ። ለሹሩባ የመጣች ሴት ጆሮዋን አትደብቅም። የፋብሪካ ሠራተኞችን ልጆች ከሁሉ አስቀድሜ ስለምሠራ ጎረቤት "ለደመወዝተኛ ታደገድጋለች" እያለ አማኝ። ይማኝ!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንዱ የእንቁጣጣሽ ሰሞን አንዲት ልጅ መጣች። በቁመት በልጣኛለች። ጠጉሯን በግራ በኩል ብከፍለው የጆሮዋ ጫፍ የለም።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ሕፃን ሆኜ አይጥ በላኝ አሉ።"

አይጥ! እናቴ አይጥ ሆና አረፈችው። ልጅቱ ሳቀች፤ ፍንጭቷ የአባቴ ነው። አባቷ የፋብሪካ መካኒክ እንደነበረና ካቻምና እንደሞተ፣ እናቷ ከእሷ በቀር ሰው እንደሌላት አጫወተችኝ። የቀኙን ጎን ሆን ብዬ አላልቼ ሠራሁትና "ይፈታብሻል፤ ዓርብ ተመለሺ፤ እናትሽንም ይዘሻት ነይ" አልኋት።

ዓርብ እናቴ የጨዉን ቋጠሮ አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሁለቱ በካፊያ መጡ። ሴትየዋ ራሷ እየበሰበሰች ጥላውን ለልጅቱ ይዛለች። እናቴ የልጅቱን ጆሮ አየች፤ ጥርሷን አየች።

"የኔ እመቤት፣ ልጅሽ ናት?"

ሴትየዋ እናቴን አየቻት፤ የልጅቱን ጆሮ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "የኔ ናት" አለች። ማንም ሳይከራከራት ደገመችው፤ "የኔ ናት።"

አፌን ከፈትሁ። እናቴ ጉልበቴን በጥፍሯ ጨመደደችኝ።

"እግዜር ያሳድግልሽ" አለች። በቃ። ሠርቼ ሸኘኋቸው።

ከወጡ በኋላ ፈነዳሁ። "ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ጆሮ ሳይ የኖርሁት ለዚህ ነው? ለምርቃት?"

"ሞት የኔን ደጅ ያውቃል" አለች። "የጣልኋት እንድትኖር ነበር፤ ይኸው ኖረች። ዛሬ የኔ ናት ብል ሰምቶ ይመጣል። ደግሞ ያቺን ሴት በምን አንጀቴ ባዶ ላስቀራት?"

ተነሥታ ቋጠሮውን ፈታችና ጨውን እሳት ላይ ወዳለው ሽሮ ገለበጠችው። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት፤ ልክ እንደነበረች እያወቅሁ ጠላኋት።

አባቴ ለራት ቀረበ። ጨው የበዛበት ወጥ ሲቀርብለት ትሪ የሚገፋ ሰው ነው። አንድ ጎረሰና ቆም አለ። ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፤ ቋጠሮው የለም።

"ከሕያዋን ነው?" አላት።

"ከሕያዋን" አለችው።

"እንጀራ ጨምሪልኝ" አለኝና ጠርጎ በላው።