ሜዳ የሌለው የስፖርት ፈተና

...እኛማ ሥላሴ አጥር ሥር የጨርቅ ኳስ ስናሳድድ ስሙን የጠየቀን አልነበረም።

ዛሬ ፒያሳ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የሰፈሩን ወንዶች ሁሉ በአብዶ የምታልፈው ልጄ ስፖርት ፈተና ወድቃለች።

«"ፉትቦል" ብላ ጻፈች፤ እኛ ጋ "ሶከር" ነው የሚባለው» አሉኝ ርእሰ መምህሯ።

«ሜዳችሁ የታለ?»

«መኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ስፖርት የምንሰጠው በጽሑፍ ነው። የሰፈሩን ጨዋታ ትተሽ አጥኚ ይበሏት፣ ጌታዬ።»

ኳስ በጽሑፍ! ዋና ሲጀምሩ ደግሞ ልጆቹን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያስዋኟቸው ይሆናል።

የእናንተ ልጆችስ ኳስን በደብተር ነው የሚማሩት? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።

አሁን ቤት ገብተናል። «ነይ ውጪ፣ ልጆቹ እየጠሩሽ ነው» አልኳት።

«ላጥና፣ አባዬ» ብላ በሯን ዘጋች።