ባንዲራው የሚወርድለት ሰው

ዋንዳ ሩዚችካ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ባለችው ትንሽ ከተማችን ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባንዲራውን ጠዋት የሰቀለችው፣ ከሰዓት በኋላ ያወረደችው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ጡረታ ሲወጣ በዚያው ቀጠለችበት። ዝናብ ከመጣ መወልወያዋን ጥላ ልታወርደው ትሮጣለች። ልጆቹ በየክፍላቸው ቆመው ለባንዲራው የታማኝነት መሐላቸውን ሲፈጽሙ ያልተነሳ ተማሪ ካየች ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። የታሪክ መምህሩን አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

"አንተ ነህ ያበላሸሃቸው።"

"ሕጉ መቀመጥ ይፈቅድላቸዋል፣ ዋንዳ።"

"ሕጉ ልጅ አላሳደገም።"

እሷ ያሳደገችው አንድ ልጅ ነው፤ ደረክ። ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቆ ወታደር ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ኢራቅ ዘምቶ ተመለሰ። በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ እናቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ።

ከቀብሩ በኋላ ዋንዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ ለአንድ ቀን ለልጇ ሐዘን እስከ ግማሽ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ።

ርዕሰ መምህሩ ሆልምበርግ የደረክ የክፍል ጓደኛ ነበር። "ወይዘሮ ሩዚችካ፣ በእጄ ቢሆን ዛሬውኑ ነበር። ግን ፕሬዚዳንቱ ወይም አገረ ገዥው ካላዘዘ አይሆንም።"

"ገመዱ ያለው እኔ እጅ ነው።"

"እሱማ ነው። ግን ያለ ትእዛዝ እንደማይነኩት አውቃለሁ።"

እውነቱን ነበር።

ለአገረ ገዥው በእጇ ደብዳቤ ጻፈች፤ አራት ጊዜ ደግማ ገለበጠችው። መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። የአገረ ገዥው ሐዘን ጥልቅ ነው፤ ይህ ክብር ግን በግዳጅ ላይ ለተሰዉ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ ለፐርል አሳየቻት።

"ቤቱ የሞተ አይቆጠርም ማለት ነው?"

"ተያቸው እባክሽ! ነገ ጠዋት ዝቅ አድርጊውና የሚያመጡትን እናያለን። ለአንቺ ፖሊስ ሊልኩ ነው?"

"ያኔ እኔ ያወረድኩት ጨርቅ ነው፣ ፐርል። ክብር አይሆንም።"

በግንቦት አንድ ሐሙስ ጠዋት ባንዲራው ዝቅ እንዲል ከአገረ ገዥው ትእዛዝ ደረሰ። ክብሩ የተሰጣቸው በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ያረፉ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ከተማችን ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ አልተገኘም። ሆልምበርግ ወረቀቱን ይዞ ምሰሶው ድረስ መጣ። ዋንዳ እንደ ደንቡ ባንዲራውን መጀመሪያ እስከ ጫፍ ሰቀለችው፤ ከዚያ ቀስ እያደረገች እስከ ግማሽ አወረደችው።

"ለደረክም ነው ብለው ይቁጠሩት" አላት ሆልምበርግ። "ማን ያውቃል?"

"ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?"

ነገራት።

"እንግዲህ ለእሳቸው ነው።"

ገመዱን ቋጥራ ወደ ሥራዋ ገባች። ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ሄዳ ባንዲራውን ሌላ ሰው እንዲረከባት ጠየቀችው። ሆልምበርግ በሳምንቱ ሠራተኛውን በሙሉ ጠየቀ፤ የስፖርት መምህሩን፣ ሹፌሮቹን፣ ጸሐፊዋን። አንዱም ጠዋት ቀደም ብሎ መምጣት አልፈለገም።

እስካሁን የምትሰቅለው እሷ ናት።